ትንሹ ሳጥን፦ የጌም ኮምፒውተር ኬዝ እንዴት አነሰ

ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንዳዋጣ ስጠየቅ ስለ ዶርም ሕይወት፣ ስለ አናቶሚ ክፍሉ ሽታ ወይም ስለ ኢንተርንነት ሌሊቶች እንደምጽፍ ተገምቶ ነበር። እሱን ከሌሎቹ ገጾች ታነቡታላችሁ፤ ከኔ አብልጠው የሚያስታውሱ ሞልተዋል። እኔ የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ሳጥን ታሪክ ነው፤ ያውም ስለ ትንሹ የጌም ኮምፒውተር ሳጥን። ሐኪም ከሥራው ሌላ አንድ የሚይዘው ነገር ካላገኘ አይሆንለትም። አንዳንዶቻችሁ አትክልት ትተክላላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ትሮጣላችሁ፣ እኔ ደግሞ ማታ ማታ ካሊፐር ይዤ ላሜራ እለካለሁ።

ከስሙ ልጀምር። እኛ አገር ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጠውን ሳጥን በሙሉ «ሲፒዩ» ነው የምንለው። ሲፒዩ ግን ውስጡ ያለችው፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጠዋ ቺፕ ነች። ደረትን በሙሉ «ልብ» ብሎ እንደመጥራት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሳጥኑን ኬዝ እለዋለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የኛን ጊዜ የኮምፒውተር ክፍል አስታውሱ። ክሬም ቀለም ያላቸው፣ ሲነሱ እንደ ድንጋይ የሚከብዱ ሳጥኖች። አንድ ቀን ጎኑ ተከፍቶ ያያችሁ ካላችሁ ግማሹ ባዶ እንደነበረ አትረሱትም፤ አቧራ፣ ጥቂት ጠፍጣፋ ገመድ፣ ከዚያ ባዶ። ያ ባዶ ቦታ የራሱ ታሪክ አለው፣ እኔን የሳበኝም እሱ ነው።

መልኩ የተወሰነው በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ደረጃ አወጣ፤ ማዘርቦርዱ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ብሎኖቹ እዚህና እዚህ ይግቡ፣ ፓወር ሰፕላዩ በዚህ በኩል ይቀመጥ ተባለ። ደረጃ መውጣቱ ትልቅ ጥቅም ነበረው። አንዱ ፋብሪካ የሠራው ቦርድ ሌላው ፋብሪካ በሠራው ኬዝ ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል፣ ዋጋም ይረክሳል። ግን በዚያ ዘመን ለድምፅ አንድ ካርድ፣ ለሞደም አንድ ካርድ፣ ለኔትወርክ ሌላ ካርድ ያስፈልግ ስለነበር ከኋላ እስከ ሰባት የካርድ መግቢያ ተዘጋጀ። ከፊት ደግሞ ለሲዲው፣ ለፍሎፒው፣ ለሃርድ ዲስኩ መደርደሪያ ተሠራ። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲያልፍ ድምፁም ኔትወርኩም ማዘርቦርዱ ላይ ተሰፋ፣ ሞደሙ ቀረ፣ ፍሎፒው ሞተ፣ ሲዲውም ተከተለው። ሳጥኑ ግን በዚያው ልኩ ቀጠለ። እንደ ትርፍ አንጀት ነው፤ ለምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም፣ እስካላመመም ድረስ የሚያወጣው የለም።

ይህ የተለመደው ኬዝ በይዘት ሲለካ ከ40 ሊትር በላይ ይሆናል። በእኛ ቤት መለኪያ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። የምነግራችሁ ሰዎች ይህንኑ ኮምፒውተር፣ አቅሙን ሳይቀንሱ፣ ከባለ 10 ሊትር የዘይት ጀሪካን በታች አውርደውታል።

ትንሽ ኮምፒውተር ለመሥራት መጀመሪያ የሞከሩት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ናቸው። አፕል በጁላይ 2000 ፓወር ማክ ጂ-4 ኪዩብን አወጣ። ወርድና ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በጠራ ፕላስቲክ ውስጥ የተንጠለጠለ የሚመስል ዕቃ ነው። ማራገቢያ አልነበረውም፤ የሞቀው አየር በራሱ መንገድ በመሐል ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር የተሠራው። ያምራል። ግን ውድ ነበር፣ ፕላስቲኩ ላይም ስንጥቅ የሚመስል መስመር እየታየ ቅሬታ አመጣ፣ ዓመት ሳይሞላው በጁላይ 2001 ምርቱ ቆመ። ዛሬ ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስብስቡ ይዞታል። ሙዚየም ገባ እንጂ ብዙ ቤት አልገባም።

በ2001 የታይዋኑ ሹትል ኤስቪ-24 የሚባል የጫማ ካርቶን የምታክል ኮምፒውተር ለገበያ አቀረበ። ይህ ተወዳጅ ሆነ፣ ከኋላውም ብዙ ተከታታይ ሞዴሎች መጡ። ችግሩ ቦርዱና ሳጥኑ አንዱ ለአንዱ ብቻ የተሰፉ መሆናቸው ነው፤ ቦርዱ ሲያረጅ ሳጥኑም አብሮ ይጣላል። በዚያው ዓመት ሌላው የታይዋን ኩባንያ ቪያ ሚኒ-አይቲኤክስ የተባለ የቦርድ ልክ አወጣ፣ 170 በ170 ሚሊ ሜትር። ከትልቁ ቦርድ ስፋት ጋር ስታስተያዩት አራት አሥረኛው እንኳን አይሞላም። ቪያ ያሰበው ኤሌክትሪክ ለሚቆጥቡ፣ ለደካማ ማሽኖች ነበር፤ ለጌም ያሰበው ሰው አልነበረም። የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች አሮጌ ሬዲዮ ውስጥ፣ መጫወቻ ውስጥ እየከተቱ ተዝናኑበት። ያቺ ትንሽ ቦርድ ግን ሁለት ነገር ይዛ ነበር፦ የማንም ያልሆነ የጋራ ልክ፣ እና አንድ የካርድ መግቢያ። ቀስ ብሎ ጠንካራ ፕሮሰሰር የሚችሉ ሚኒ-አይቲኤክስ ቦርዶች መጡ። በ2009 ሲልቨርስቶን ኤስጂ-05 የምትባል 10.8 ሊትር የምትይዝ ኬዝ ሲያወጣ፣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደህና የጌም ካርድ መክተት እንደሚቻል ታየ።

እስከዚህ ድረስ የኩባንያ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የተለየ ነው፣ ለኔም ዋናው እሱ ነው።

በ2012 አካባቢ የየትኛውም ኬዝ ፋብሪካ ሠራተኛ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች፣ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ባዶ ቦታ ይዟል ብለው ተነሱ። የራሳቸውን ኬዝ በኮምፒውተር ሣሉ፣ ሥዕሉን ለሚፈልግ ሁሉ አሳዩ፣ የመጣውን ነቀፌታ እየተቀበሉ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር አስተካከሉት። ፋብሪካ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ ኬዝ አይሠራም፤ ቢሠራም የመጀመሪያው ናሙና ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ገንዘቡን ገና ያልተሠራውን ዕቃ ከሚፈልጉት ሰዎች በኢንተርኔት አሰባሰቡ። ሊያን ሊ የተባለው፣ በአሉሚኒየም ሥራ ስም ያለው የታይዋን ፋብሪካ ሠራላቸው። ኤንኬዝ ኤም-1 የሚባለው ይህ ኬዝ በ2013 ለሕዝብ ሲቀርብ 12.6 ሊትር ነበር። ረጅም ግራፊክስ ካርድም፣ 240 ሚሊ ሜትር የሚሆን የውኃ ማቀዝቀዣ ራዲያተርም ያስገባል። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ያህል ተሻሽሎ ወጥቷል። በየእትሙ የተለወጠው ነገር አንዳንዴ የአንድ ቀዳዳ ቦታ ነው። ለኔ ይህ ትልቅ አክብሮት የሚገባው ሥራ ነው፤ ያለቀለትን ነገር እንደገና መለካት።

ቀጥሎ የመጣው አንድ ጀርመናዊ ነው። እሱ የጠየቀው ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል። ግራፊክስ ካርድ ማዘርቦርዱ ላይ ሲሰካ እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው የሚሰካው፤ በሁለቱ መካከል ማዕዘን ይፈጠራል፣ በማዕዘኑ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ለምንም አይጠቅምም። ስለዚህ ካርዱን ነቅሎ፣ በጠፍጣፋ ማገናኛ ገመድ አድርጎ፣ ከቦርዱ ጋር ጀርባ ለጀርባ አስተኛው። ገመዱ ራይዘር ይባላል። ሁለት እንጀራ መሐሉ ላይ አንድ ላሜራ አድርጋችሁ ስትደርቡ እንደማለት ነው። ሐሳቡ የሱ ብቻ ነው ለማለት አይደለም፤ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ወስዶ ከ2016 የኢንተርኔት መዋጮ በኋላ በፋብሪካ ያሠራው እሱ ነው። ዳን ኤ-4 የተባለው ይህ ኬዝ 7.2 ሊትር ነው። 295 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ካርድ ይገባበታል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ግን ከ48 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ማለት አይችልም።

ያን 48 ሚሊ ሜትር ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የነርቭ ሕክምና ትምህርታችን ነው። ሞንሮና ኬሊን ታስታውሳላችሁ፤ የራስ ቅል አይሰፋም፣ ስለዚህ አንጎል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ተደምረው ቋሚ ናቸው፣ አንዱ ከጨመረ ሌላው ይከፍላል። ትንሽ ኬዝ ልክ እንደዚያ ነው። ካርዱ 10 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ማቀዝቀዣው 10 ሚሊ ሜትር ይከሳል። ትልቁ ሳጥን ይህን ሕግ ደብቆት ነበር እንጂ አልሻረውም።

ማነሱን የቻሉት በሳጥኑ ብቻ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። ፓወር ሰፕላዩም አብሮ አንሷል። የተለመደው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ 150 በ86 በ140 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1.8 ሊትር ይይዛል። ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ 125 በ100 በ63.5 ነው፣ 0.8 ሊትር ገደማ። ለረጅም ጊዜ ትንሹ ደካማ ነበር። በ2016 ኮርሴር በዚያችው 0.8 ሊትር ውስጥ 600 ዋት ሲያስገባ የጌም ሰዎች ሰበብ አለቀባቸው።

አሁን ስለ ናሙናው ትንሽ ልዘርዝር። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል፣ ነገር ግን ኬዝ የሚወለደው እዚህ ነው።

በስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ይገባል። ቦርዱን 170 በ170 አድርገህ ትስለዋለህ፣ ፓወር ሰፕላዩን ታስቀምጠዋለህ፣ ካርዱን ታስተኛዋለህ፣ ዙሪያውን ግድግዳ ትስላለህ፣ አለቀ። ስክሪኑ ላይ የማይሣለው ገመድ ነው። ከፓወር ሰፕላይ ወደ ቦርድ የሚሄደው ባለ 24 ሽቦ ገመድ እልኸኛ ነው፤ ሲታጠፍ ቦታ ይጠይቃል። ሁለተኛው የማይሣለው የሰው እጅ ነው። ብሎኑ ቦታው ላይ አለ፤ ግን ካቻቢቴ የያዘ እጅ እዚያ ይደርሳል ወይ? ቀዶ ሐኪሞቻችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ዕጢውን ማየትና ዕጢው ጋ መድረስ ይለያያሉ። ለዚህ ነው ከሁሉም በፊት ካርቶን የሚቆረጠው። እኔና መሐንዲስ የሆነው የእህቴ ልጅ ከግሉኮስ ካርቶን በሠራናት የመጀመሪያዋ ናሙና ውስጥ ያ ባለ 24 ሽቦ ገመድ ብቻውን 3 ሴንቲ ሜትር የመታጠፊያ ቦታ ወሰደ። ከሥዕላችን ላይ ከተረፈው ቦታ ሁሉ ትልቁ ድርሻ ያ ነው። ካርቶን ርካሽ ነው፣ አይዋሽም፣ በመቀስ ይስተካከላል።

ከካርቶን በኋላ ብዙዎች በ3ዲ ፕሪንተር ያትማሉ። በጣም የተለመደው የማተሚያ ፕላስቲክ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራል። ከግራፊክስ ካርድ ጀርባ ያለ ቦታ ደግሞ እዚያ ሙቀት መድረስ አያቅተውም። ስለዚህ የታተመው ናሙና ቅርጹን ለማየት፣ ቀዳዳው ከቀዳዳው ጋር መግጠሙን ለማረጋገጥ ነው እንጂ ኮምፒውተሩን ውስጡ ትቶ ለመተኛት አይደለም።

እውነተኛው ፈተና ላሜራ ነው። ላሜራ ሲታጠፍ የማጠፊያው ውጫዊ ጎን ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል። ስለዚህ 100 ሚሊ ሜትርና 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ማዕዘን ለማግኘት 150 ቆርጣችሁ ካጠፋችሁት ልኩ አይመጣም። ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት በብረቱ ዓይነት፣ በውፍረቱና በማጠፊያው ማሽን ይለያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ላሜራ የሚያጥፉ ጥሩ ባለሙያዎች ይህን ያለ ቀመር በእጃቸው ያውቁታል፤ ቁጥሩን ጠይቃችኋቸው ግን አያገኙላችሁም፣ ጣታቸው ውስጥ ነው ያለው። ከማጠፊያው አጠገብ የተበሳ ክብ ቀዳዳ ሲታጠፍ እንቁላል ይመስላል፤ ብሎን አይቀበልም። መጨረሻ ላይ ቀለሙ አለ። በዱቄት ተረጭቶ በምድጃ የሚጋገረው ቀለም የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እስኪደርስ ይወፍራል። ሁለት የተቀቡ ላሜራዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ሄደ ማለት ነው። በ40 ሊትር ሳጥን ውስጥ ይህን ማንም አያየውም። በ7 ሊትር ውስጥ ግን ክዳኑ አይዘጋም።

አንድ ነገር ደግሞ ለአገራችን ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያ የሚገፋው ይዘት ነው እንጂ ክብደት አይደለም፤ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር ይገፋል፣ ሊትሩ ውስጥ ያለው አየር ሲሳሳ ግን የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። 400 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ኮምፒውተር ውስጥ በሰዓት 85 ሜትር ኩብ አየር ቢያልፍ፣ በባሕር ወለል አየሩ 14 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ማራገቢያ 19 ዲግሪ ገደማ ነው የሚሞቀው። ልቡ ጤነኛ ሆኖ ሄሞግሎቢኑ የወረደ በሽተኛ አስቡ። ካርዲያክ አውትፑቱ ያው ነው፣ የሚደርሰው ኦክስጅን ግን ያው አይደለም። ታይዋን ወይም ጀርመን ተለክቶ «በቂ ነው» የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ ጠባብ ኬዝ ውስጥ በቂ የማይሆንበት ምክንያት ይህ ነው። የአቧራችንን ነገር አላነሳሁም። ማጣሪያ ከተደረገበት አየሩ ይቀንሳል፣ ካልተደረገ ማቀዝቀዣው በሁለት ወር ብርድ ልብስ ይለብሳል። እኔ ለራሴ የወሰንኩት ለአዲስ አበባ ከ9 ሊትር በታች እንዳልወርድ ነው። ሰባት የሚሉትን አልከራከርም፤ ግን ባሕር ዳርቻ ይኑሩ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ የሚያስፈራው ክፍል ቀርቷል።

ካርዱን በገመድ አስተኝቶ መትከል ከተለመደ በኋላ ገመዱ ራሱ የሚያም ቦታ ሆነ። በ2019 ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4 ገበያ ሲገባ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው መረጃ ፍጥነት እጥፍ ሆነ። ለቀድሞው ፍጥነት በደህና ይሠሩ የነበሩ ራይዘሮች አዲሱን አልቻሉትም፤ ስክሪን ይጨልማል፣ ጌም መሐል ላይ ይቋረጣል። ሰዎች ፍጥነቱን በሴቲንግ ወደ ሦስተኛው ትውልድ ዝቅ እያደረጉ ተገላገሉ። ይህ የሚያበሳጭ ነው እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

የሚጎዳው ኤንዜድኤክስቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2020 ያወጣት ኤች-1 ላይ ተገኘ። ኤች-1 ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ቆንጆ፣ ፓወር ሰፕላይዋም ማቀዝቀዣዋም ቀድሞ ተገጥሞ የምትሸጥ ትንሽ ኬዝ ነበረች። ከሰው እጅ ተሠርቶ ሲያዩት የሚያሳሳ ነገር ትልቅ ኩባንያ አንስቶ ለሁሉም አደረሰው ማለት ነው። ራይዘሩን ከኬዙ ጋር የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ነበሩ። ብሎኖቹ ብረት ናቸው። የሚገቡበት ቀዳዳ አጠገብ በራይዘሩ ቦርድ ውስጥ 12 ቮልት የሚሸከም መዳብ ነበር። ብሎኑ ቀዳዳውን ሲፍቀው መዳቡን ከኬዙ ብረት ጋር ሊያገናኘው ይችላል፤ ያኔ ሾርት ነው፣ እሳትም ተነስቷል። ኩባንያው መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ የብረቱን ብሎን በናይሎን ብሎን የሚተካ ጥቅል መላክ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ግን ኬዞቹ በይፋ እንዲታረሙ ጥሪ ተደረገ፣ በአሜሪካ ብቻ 32,000 ያህል፤ ራይዘሩ ራሱም በአዲስ እንዲተካ ተወሰነ።

እዚህ ላይ እንደ ሐኪም አስተያየት ልስጥ። የናይሎኑን ብሎን የነቀፉት ሰዎች ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ብሎኑ ምልክቱ ነው፤ በሽታው መዳቡ ያለበት ቦታ ነው። ያን ኬዝ ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ወጣት፣ አንድ ናይሎን ብሎን ቢጠፋበት፣ ከመሳቢያው የብረት ብሎን አውጥቶ ይገጥማል። ምን ያውቃል? ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አውርዶ ታካሚውን ወደ ቤት መላክ ሁላችንም የምናውቀው ፈተና ነው። ደግሞ ይህ ስሕተት ትልቅ ሳጥን ውስጥ ሊፈጠርም ይከብዳል፤ እዚያ ካርዱ በቀጥታ ቦርዱ ላይ ይሰካል፣ ራይዘርም የለም፣ የራይዘር ብሎንም የለም። ማነሱ ራሱ አዲስ ክፍል ፈጠረ፣ አዲሱ ክፍል አዲስ ጉዳት ይዞ መጣ። ትንሽ ኬዝ የሚሠራ ሰው ባዶ ቦታውን ሲያወጣ፣ ያ ባዶ ቦታ ሳይታወቅ ይሠራው የነበረውን ሥራም ማወቅ አለበት። አየር ሙቀት ይሸከማል፤ አየር ኤሌክትሪክም ይከላከላል።

በዚህ መሐል ግራፊክስ ካርዶቹ በተቃራኒው አበጡ። ዳን ኤ-4 በወጣበት በ2016 የኢንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 በ180 ዋት ይሠራ ነበር። በ2020 የመጣው 3090 350 ዋት፣ በ2022 የመጣው 4090 450 ዋት ነው። ራሱ ኢንቪዲያ የሠራውን 4090 ብትለኩት 304 በ137 በ61 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለት ሊትር ተኩል። ካርዱ ብቻውን የ7.2 ሊትሩን ኬዝ አንድ ሦስተኛ ይበላል። እዚያም ቢሆን አይገባበትም፤ የተሠራው ለቀጭን ካርድ ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ያወጧቸው ደግሞ ከዚህም የወፈሩ ነበሩ። ብዙ ሰው «የትንሽ ኬዝ ነገር አበቃ» አለ። ኬዝ ሠሪዎቹም ቀስ እያሉ ወደ 10፣ ወደ 11 ሊትር መለሷት።

ግን አላበቃም። በጁን 2024 ኢንቪዲያ ራሱ ለትንንሽ ኬዝ የሚሆኑ ካርዶችን የሚለይ ልክ አወጣ፦ ርዝመቱ ከ304፣ ቁመቱ ገመዱ የሚታጠፍበትን ጨምሮ ከ151፣ ውፍረቱ ከ50 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ። «ገመዱ የሚታጠፍበትን ጨምሮ» የሚለውን ሳይ ሳቅኩ፤ የግሉኮስ ካርቶኑ ነው ትዝ ያለኝ። ካሊፐር የያዙ ግለሰቦች ከአሥር ዓመት በላይ በየሠንጠረዡ ሲመዘግቡት የኖሩትን፣ የትኛው ካርድ በየትኛው ኬዝ እንደሚገባ፣ በመጨረሻ ትልቁ ኩባንያ በራሱ ስም ጻፈው። በጃንዋሪ 2025 ያስተዋወቀውን 5090 ደግሞ በሁለት መግቢያ ውፍረት፣ በ40 ሚሊ ሜትር ሠራው። ቀጥኗል። የሚበላው ግን 575 ዋት ነው። ያን ሙቀት 9 ሊትር ውስጥ፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ በሳሳ አየር ማን እንደሚያወጣው እስካሁን ወረቀት ላይ እየሠራሁት ነው። ለጊዜው የኔ ናሙና የሚያስበው ለ200 ዋት ካርድ ነው፣ ለአብዛኛው ጌም ይበቃል።

ሦስተኛዋ ናሙና፣ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም የታጠፈችው፣ ገና ቀለም አልተቀባችም። ለሪዩኒየኑ ዕለት በቦርሳ ይዣት እመጣለሁ፤ ከላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ከመሐላችሁ አሉሚኒየም አኖዳይዝ የሚያደርግ ቤት የሚያውቅ ካለ፣ ከምሳ በፊት ይፈልገኝ።